የአለቃዬ አፍንጫ

አለቃዬ ስምንተኛውን ጠርሙስ ከፈተ፤ ጥቂት ወይን ብርጭቆ ውስጥ አፈሰሰና አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተው። «ድንቅ ነው» አለ። ከዚያም እንደ ሌሎቹ ሰባት ሁሉ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ።

እኔ ከኋላው ብርጭቆ እወለውል ነበር። እሱ ያስቀመጠውን ላነሳ ስጠጋ አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ዝናብ የመታው ካርቶን፣ ምድር ቤት የከረመ እርጥብ ጆንያ። ደግሜ አሸተትኩ። ያው ነው። እንግዶቹ ሊገቡ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷቸዋል።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለንደን ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ። ኬንቲሽ ታውን በሚባል ሰፈር ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ። አንድ ሥራ አስቀጣሪ ኤጀንሲ «የኪችን ሥራ ነው» ብሎ የላከኝ ቦታ ወይን ጠጅ የሚያስመጣ ድርጅት ሆኖ ተገኘና እዚያው ሁለት ዓመት ቆየሁ። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ፣ ጠረጴዛ ማሰናዳት፣ ቀማሾቹ የሚተፉበትን ባልዲ መድፋት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ያን ሁሉ ወይን አፋቸው ውስጥ አንገላተው ሲተፉት ሳይ ይገርመኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት።

ስለ ወይን የማውቀው ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ሳለሁ የማውቀው ሰርግ ላይ ከኮካ ጋር ተደባልቆ የሚጠጣውን ቪኖ ብቻ ነው። ሽታ ግን አውቃለሁ። እናቴ መርካቶ ቅቤ ተራ ትነግድ ነበር። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ገበሬ ቅቤውን በቅል ይዞ ሲመጣ በቀጭን እንጨት ከሥሩ ቆንጥራ ታወጣና ከአፍንጫዬ ሥር ትይዝልኛለች። «ምን አለበት?» ትለኛለች። ሞራ የተደባለቀበትን፣ ጭስ የጠጣውን፣ ላዩ ለጋ ሆኖ ውስጡ የከረመውን መለየት ለመድኩ። ስሳሳት አትቆጣኝም፤ ደግሜ እንዳሸት ታደርገኛለች።

ስለዚህ ያ የካርቶን ሽታ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ወዲያው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል። ጠርሙሱን የዘጋው ቡሽ ሲታመም ሽታው ወይኑን ይይዘዋል። ሰው አይጎዳም፤ ግን የወይኑን መዓዛ ሁሉ ገድሎ ሻጋታ ብቻ ያስቀራል። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ደፍቶ ሌላ መክፈት ነው እንጂ መድኃኒት የለውም።

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር ብዬ አስባለሁ። የዚያን ቀን ዝም ማለት ያቃተኝ ከአንድ ሰዓት በፊት በሰማሁት ነገር ነው።

ስምንቱም ወይኖች ከአንድ ቤተሰብ እርሻ የመጡ ነበሩ። እርሻው ሰሜን ኢጣሊያ ኮረብታ ላይ ነው፤ ስምንቱም ቀይ፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ወይን ፍሬ የተሠሩ፣ ዓመታቸው ብቻ የተለያየ። አባትየው ሰባ አምስት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። የምታስተረጉምላቸው ሴት ልጃቸው ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ሠላሳ ስድስት ይሆናል። ጠዋት ውሃ ፈልጋ እኔ ወዳለሁበት ማጠቢያ ክፍል ገባች። ሰጠኋት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አልተኛሁም» አለችኝ። «ብዙ ሰው ይመጣል?»

«አሥራ አራት።»

ከዚያ ያለ ምንም መግቢያ ትነግረኝ ጀመር። የማያውቁትን ሰው ማናገር የሚቀልበት ጊዜ አለ። አባቷ ወይኑን የሚሠሩት አያታቸው በሠሩበት መንገድ ነው፤ ክፍል የሚያህል አሮጌ የእንጨት በርሜል ውስጥ ለዓመታት ይተዉታል። አሁን ግን ገዢው የሚፈልገው ሌላ ነው፤ በትንንሽ አዲስ በርሜል የተሠራ፣ የጠቆረ፣ የለሰለሰ፣ ቶሎ የሚጠጣ። ወንድሟ አሮጌዎቹን በርሜሎች ፈልጠን እንማግዳቸው ይላል። አባትና ልጅ አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ ካቆሙ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው።

«አባቴን ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «እዚህ የሚፈልገን ከጠፋ ወንድሜ ልክ ነበረ ማለት ነው። ስምንተኛው የተወለድኩበት ዓመት ወይን ነው። ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው ያመጣነው፤ አውሮፕላን ላይ ጭኔ ላይ ይዤው።»

እንግዲህ የሸተተኝ ያ ነው።

አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ረዥም፣ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ለድርጅቱ የሚገዛውን ወይን የሚመርጠው እሱ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። «ስምንተኛው ቡሹ የያዘው ይመስለኛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀላ።

«አሽትቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ግን እባክዎ አንዴ ደግመው…»

«ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ» አለኝ። «አንቺ ብርጭቆሽን እይ። ለእንግዶቹም ሆነ ለቤተሰቡ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ተግባባን?»

ይህን ሲለኝ ጭስ ሸተተኝ። ለእንግዶቹ የሚቀርበው ዳቦ ኪችን ውስጥ እያረረ ነበር። «ዳቦው!» ብዬ ሮጥኩ። ቶስተሩን ነቅዬ ስመለስ እዚያው እንደቆመ ነው። በሩ ከጀርባው ነበር። የሚያቃጥለው ጭስ ክፍሉን ሞልቶት ሳለ «ምን ዳቦ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዞሮ ጭሱን በዓይኑ ሲያይ ብቻ ደነገጠ። እኔም እሱን አየሁት። እንዳየሁትም አየ።

ይህ ሰው አያሸትም።

 የኢሚግሬሽን ጉዳዬ ገና አልተወሰነም፤ ጠበቃዬ ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዚሁ ሰው እንዳስጽፍ ነግራኝ ነበር። ለልጅቷ ብነግራት እባረራለሁ። ባልነግራት ያ ሻጋታ ለአሥራ አራት ሰው ይቀዳል፤ ሰዎቹም አሮጌው ወይን እንዲህ ነው ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ወደ ማጠቢያው ክፍል ተመልሼ ንጹህ ብርጭቆዎች እንደገና አጠብኩ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ገቡ። የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ወይን ሻጮች፣ አንድ ጋዜጣ ላይ ስለ ወይን የሚጽፍ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው። ሁሉም ነጭ ጨርቅ በለበሰ ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አዛውንቱ ጫፉ ላይ ናቸው፤ ልጃቸው አጠገባቸው። እኔ እቀዳለሁ፣ ያገለገለውን አነሳለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ አልነበረም። ወይኑ ቀለሙ የሳሳ ነው፤ እንደ ሸክላ ይቀላል፤ የቅርብ ዓመት ወይኖቹ ድድ ያኮማትራሉ። ሰዎቹ እየተፉ ይጽፋሉ፤ ፊታቸው አይፈታም። አራተኛው ላይ ባለ መነጽሩ ሰውዬ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ «የአያቶቻችን ወይን» አለ። ሁለት ሰዎች ሳቁ።

አዛውንቱ ወደ ልጃቸው ዞረው ምን እንዳለ ጠየቁ። አንገቷ ሥር ሲቀላ አየሁት። ሌላ ነገር ነገረቻቸው፤ ረዘም ያለ፣ ደግ ነገር መሆን አለበት፤ እሳቸውም ሰውዬውን በአክብሮት እጅ ነሱት።

ከአምስተኛው በኋላ የሆነ ነገር መለወጥ ጀመረ። ዓመቱ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የወይኑ መዓዛ ይከፈታል። ስቀዳ የደረቀ ጽጌረዳ ይሸተኛል፤ ከዚያ ፀሐይ ያሞቀው ሬንጅ፣ ከዚያ የአሮጌ ኮርቻ ቆዳ። ሰባተኛው ላይ ወሬው ቆመ። ባለ መነጽሩ ሁለት ጊዜ ቀመሰ። «የመጨረሻውን እንይ» አለ። «ሃያ ዓመት ቆይቶ እንዲህ ከሆነ፣ ሠላሳ አምስት ላይ ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ። የሚወስነው እሱ ነው።»

አለቃዬ ጠርሙሱን አንስቶ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም።

ከባለ መነጽሩ መጀመር ነበረብኝ፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ሁዳዴ ነበር፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ ሆዴ ባዶ ስለነበር ይሁን ከፍርሃቱ አላውቅም፣ ሻጋታው ከጠርሙሱ አፍ እየወጣ አፍንጫዬን ሞላው። ቆምኩ። ከዚያ ዞሬ ጠረጴዛውን በሙሉ አቋርጬ አዛውንቱ ጋ ሄድኩና ለእሳቸው ቀዳሁ። ትንሽ፣ የሁለት ጣት ያህል።

 ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ።

«እባክሽ መጀመሪያ እሳቸው ያሽቱት በያቸው» አልኳት።

አዛውንቱ ብርጭቆውን አነሡ። አፍንጫቸው ጋ እንኳ ሳይደርስ እጃቸው ቆመ። እንደምንም አቀረቡት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ሳ ዲ ታፖ» አሉ ቀስ ብለው።

«ቡሽ ይሸታል» አለች ልጅቷ። 

አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ። «ጠዋት ራሴ ከፍቼ አሽትቼዋለሁ። እንከን አልነበረበትም።»

ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ፊቱን አኮሳተረ። ሌላው «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። ባለ መነጽሩ ረዘም ላለ ጊዜ አሸተተና «አለበት» አለ፤ ከዚያ ወደ አለቃዬ ዞሮ አየው። ያ አስተያየት ከስድብ ይከፋል። አለቃዬ ደግሞ እኔን ያየኛል።

አዛውንቱ ለልጃቸው የሆነ ነገር አሉ። ሁለተኛውን፣ የቀረውን ብቸኛ ጠርሙስ ከከረጢቷ አወጣች። ራሳቸው ሊከፍቱት ተቀበሏት። መክፈቻውን አስገብተው መሳብ ሲጀምሩ ቡሹ ግማሹ ላይ ተቆረጠ። አንዲት ሴት «ወይኔ!» የምትል ያህል ትንፋሿን ሳበች። እሳቸው አልተጣደፉም። የቀረውን ግማሽ ከጎን ወጋ አድርገው፣ ጠርሙሱን ጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ በጣም ቀስ ብለው አወጡት። ብርጭቆ ላይ ቀዱ። ከዚያ አላሸተቱትም፤ ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ቅድሚያ አንቺ ይሉሻል» አለች ልጅቷ።

«በይ እንግዲህ ቅመሺውና ንገሪን» አለ አለቃዬ።

«አልቀምስም» አልኩ። «ጾም ላይ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ወደ አፌ አላስገባም። ማሽተት ግን እችላለሁ።»

 ብርጭቆውን ተቀበልኩ፤ አሸተትኩ።

ምንም የለም። ሻጋታም የለም፣ ጽጌረዳም የለም። እንደ ውሃ። ደነገጥኩ፤ አፍንጫዬም እንደ አለቃዬ ከዳኝ እንዴ አልኩ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። ብርጭቆውን በመዳፌ አቅፌ አሞቅኩት፤ አዙሬ ጠበቅኩ። አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ መጣ። መጀመሪያ እርጥብ አፈር። ቀጥሎ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ። ከዚያ ጽጌረዳው፣ ከሰባቱ ሁሉ የጠራ።

«ንጹህ ነው» አልኩ። «ትንሽ ይታገሡት እንጂ ንጹህ ነው።»

አዛውንቱ አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። በየብርጭቆው ትንሽ ትንሽ ቀዳሁ። ባለ መነጽሩ ቀመሰ። ባልዲውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ግን አልተፋም፤ ዋጠው። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፍቶ ቀሪ ካለ ጠየቀኝ።

እንግዶቹ ሲበተኑ አዛውንቱ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጡ። ከየት እንደሆንኩ ልጃቸው እንድትጠይቅላቸው ነገሯት። «ከኢትዮጵያ» አልኩ። ልታስተረጉም ስትል በእጃቸው አስቆሟት፤ ቃሉ ገብቷቸዋል። 

«ታላቅ ወንድሜ እዚያ ሄዶ አልተመለሰም» አሉ በልጃቸው አፍ። «መሄድ አልነበረበትም። እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረውም።»

የእኔም አያት የሞቱት በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጦርነት ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እጄ በሳሙና እንደ ራሰ ጨበጥኳቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስድስት ቀናት ከዚያ ጠዋት ይከፉ ነበር። አለቃዬ በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም። በየጠዋቱ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ዛሬ ነው የሚያባርረኝ እላለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ምን ጥልቅ አደረገሽ? የነሱ ወይን፣ የነሱ ጣጣ!» ብላ ተቆጣችኝ። የደብዳቤውን ነገር ማንሳት ይቅርና ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

በሰባተኛው ቀን ምድር ቤት ጠራኝ። ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያ የማይጨማደድ ሰው ኮቱን አውልቆ።

«ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ነው» አለኝ። «ጉንፋን ያዘኝ፤ ጉንፋኑ ሄደ፤ ሽታው አልተመለሰም። ሐኪሙ ላይመለስ ይችላል አለኝ። ምግብ ስበላ የማውቀው ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑን ብቻ ነው። ለሚስቴ እንኳ የነገርኳት ዘግይቼ ነው።»



«ስምንት ወር በማስታወሻዬና በጠርሙሱ ዓመት እየገመትኩ ሠራሁ» አለ። «ያን ቀን ጠልቼሽ ነበር። የጠላሁሽ ስለተሳሳትሽ አይደለም።»

ከዚያ ለመነኝ። የሚከፈተውን ጠርሙስ ሁሉ ከእንግዶቹ በፊት እንዳሸትለት፣ የሸተተኝንም እንድነግረው። እሺ አልኩ። ደብዳቤውን በማግስቱ ጻፈልኝ፤ እንዲህ ተያይዞ መምጣቱ ደስ አላለኝም፤ ግን ተቀበልኩት። ያሳፍረኛል ማለት አልችልም፤ ያስፈልገኝ ነበር።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲያ ቆየን። እኔ አሸታለሁ፤ እሱ ይናገራል። እሱ ቃላቱን አስተማረኝ፤ ለሚሸተኝ ነገር ሁሉ የእንግሊዝኛ ስሙን እየፈለገ። ሰዎች ፊት ቆሞ የእኔን ሽታ የራሱ አድርጎ ሲናገር አንዳንዴ ይከነክነኛል። እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ እንዲህ ባለው ቀን ማታ ሲወጣ ከልማዱ ውጭ ቆሞ ያመሰግነኝ ነበር።

ድርጅቱ የእነዚያን ቤተሰብ ወይን መግዛት ቀጠለ። ልጅቷ ለገና ካርድ ላከችልኝ። ወንድሟ ትንንሾቹን በርሜሎች ገዝቶ ከማሳው ግማሹን በራሱ መንገድ መሥራት እንደጀመረ፣ አባቷ ግን ትልልቆቹን እንዳላስነኩ ጻፈች። አሁንም አብረው አይበሉም፤ «በፊት ግን አይነጋገሩም ነበር፤ አሁን ይጣላሉ» ይላል ካርዱ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ ላይኛው ፎቅ ወደ ድርጅቱ ባለቤቶች ወጣ። ቀድሞ አልነገረኝም። ሲወርድ ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ነገርኳቸው» አለኝ። «የእኔንም፣ የአንቺንም። ወደ ላይ ውጪ ይሉሻል።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀዱ አምስት ብርጭቆዎች። «ጊዜ ውሰጂ» አለኝ አንደኛው፤ ሳይጨክን፣ ሳይራራም። አንድ በአንድ አሸተትኩ፤ ቀመስኩ፤ ተፋሁ። አራቱን የመሰለኝን ተናገርኩ። አምስተኛው ላይ ቆምኩ።

«ይሄኛውን አላውቀውም» አልኩ። «አሽትቼው አላውቅም።»

ሦስቱ ተያዩ። አንደኛው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ለአለቃዬ የደብዳቤና የሒሳብ ሥራ ሰጡት፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሠራ። እኔን በእሱ ቦታ ለሦስት ወር ሙከራ አሉኝ። በሩን ዘግቼ ስወጣ አለቃዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ያቺን አምስተኛዋን ወይን ምን እንደምትሸት ንገሪኝ አለኝ፤ እኔም መንገር ጀመርኩ።